ጥያቄ አስራ አራት

አራት ኪሎ፣ ከመንገዱ በታች፣ ሦስት ደረጃ ወርደህ፣
"ኮፒ፣ ትርጉም፣ ላሚኔሽን" የሚል ታፔላ አንብበህ
ስትገባ የምታገኛት ሴትዮ እኔ ነኝ።
ዲግሪ፣ የልደት ካርድ፣ የጋብቻ፣ የሞት፣
ሁሉም በእጄ ያልፋል፣ ኤምባሲ ከመግባቱ በፊት።

ጥጉ ላይ፣ ማሽኑ በሚሞቅበት፣ ወንድሜ ይቀመጣል።
ቃለአብ ይባላል። ስቴፕለር ይመታል።
"ለእረፍት ነው የመጣው" ትላለች እናቴ፣ ለጠየቃት ጎረቤት፤
እረፍቱ አስራ አንድ ወር ሆነው፣ ሻንጣው ሳይፈታ ባለበት።

ገና ቪዛው ሳይመታ "ኢንጂነር" ብለው ይጠሩት ነበር፣
ዕድሩ እንኳ ብር አዋጥቶ ሸኘው፣ ያውም ሰው ሳይሞት በሰፈር።

ከሃርቢን ፎቶ ይልክ ነበር፤ እናቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ደረደረችው፤
በሰማያዊ ጃኬት፣ በቀይ ጃኬት፣ እየሳቀ፣ እየሳመችው።
እኔ ግን ሥራዬ ወረቀት ነው፣ ኮፒን ከዋናው መለየት፤
በሰባቱም ፎቶ ከኋላው ያው ስኒ፣ ያው ግማሽ ሻይ አለበት።
በተዋሰው ልብስ፣ ባንድ ቀን፣ ተነስቶ ኖሯል የዓመት ሳቅ።
አየሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም።
ለሱም አልደወልኩ፤ ፈራሁ መጠየቅ።

በኋላ ነው፣ ከተመለሰ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሰማሁት፤
ስሙ አልያዝ ብሏቸው ሌላ ስም ነበር ያወጡለት።
መልካም ስም ነው ይላል፣ ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ አክብረውታል፤
ብቻ ሁለት ዓመት ሙሉ "ቃለአብ" ያለው የለም፤
ቦሌ ላይ እናቴ በስሙ ስትጣራ፣ ሌላ ሰው መስሎት አልፏታል።

የመጣ ሰሞን "ፒያሳ እንሂድ" አለኝ፤ ወረድን በእግራችን።
ዶሮ ማነቂያ የለም። ሳርና መብራት ነው የጠበቀን።
"እዚህ ጋ ነበር አይደል?" ይላል፣ በጣቱ አየር እየነካ።
መንገድ የሚጠፋው የሄደን ሰው ብቻ አይደለም ለካ።

እናቴ አማኑኤልን በቀን መቶ ጊዜ ትጠራዋለች፤
ሐኪም ያለበትን አማኑኤል ግን "እዛ" ብላ ታልፈዋለች።
በየወሩ አንድ ማክሰኞ "እዛ" የምወስደው እኔ ነኝ።
ባንክ ነበርን እላታለሁ፤
"ወረፋው በዛ?" ትለኛለች፣ ሳታየኝ።

ትናንት አንድ ልጅ መጣ። ሱራፌል። ሃያ ያልሞላው፣
ጫማው አዲስ፣ የመዳፉ ላብ ፎርሙን ያረጠበው።
ጥያቄ አስራ አራት፦ "የአእምሮ ሕመም ኖሮብዎት ያውቃል?"
እስክሪብቶው ሳይቆም "የለም" ላይ ያርፋል።
ሁሉም እንዲያ ነው። ስንት ሺህ "የለም" ኮፒ አድርጌያለሁ እዚህ ቤት፤
የቃለአብም አለበት።

ልጁ ሊወጣ ሲል ወንድሜ ስቴፕለሩን አስቀመጠ።
"የት ነው የምትሄደው?"
"ሃርቢን።"
"በታኅሣሥ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል" አለው። "ፀሐይዋ ናት።
እኔ የኔ ጥፋት መስሎኝ ነበር።
ደማቅ አምፖል ግዛ። ስምህን ጠዋት ጠዋት ለራስህ ጥራው፣ ጮክ ብለህ፣ አትፈር።
ፎቶ ስትልክ ደግሞ…"
ቆመ። ወደኔ ዞር አለ።
"ሳትስቅም ላክ።"

ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ተወው።
ሦስቱን ኮፒ ይዞ ወጣ። ሂሳብ አልከፈለም፤ እኔም አልጠራሁት።

ማታ ማሽኑን ሳጠፋ፣
"ስኒውን አይተሽው ነበር አይደል?" አለኝ።
"አይቼዋለሁ።"
"ላንቺ ነበር ያላነሳሁት።"

ሦስቱን ደረጃ ወጣን።
ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል።
"ሁለት ነን" አልኩት።
ሄደ።
ቆመን ቀጣዩን ጠበቅን።